ስለ ስውር መሠረት

አማኝ ወንድሜ ሆይ! አላህ ልብህን ያብራልህና፣ ከጋይንት ወደ እስቴ ስትሄድ የምታየውን የጉናን ተራራ አስተውል። ከፍታው ከ4000 ሜትር ይበልጣል። ይህን ሁሉ ክብደት ምን ተሸከመው?

የምድር ሊቃውንት በ1995 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ፈንጂ እያፈነዱ፣ ንዝረቱ በጥልቁ የሚያልፍበትን ፍጥነት ለኩ። ከስምጥ ሸለቆው በስተ ሰሜን ምዕራብ ባለው ደጋ ሥር የምድር ቅርፊት ውፍረት ወደ 45 ኪሎ ሜትር እንደሚደርስ አገኙ። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ቀልጦ የወጣው ድንጋይ ደጋውን ከደነ፤ ከሥር የቀረው ግን ቅርፊቱን በስውር አወፈረው። ጀልባ በውሃ ላይ እንደሚንሳፈፍ፣ ይህም ቅርፊት ከበታቹ ባለው ከባድ አለት ላይ በሚዛን ይቀመጣል፤ የጥልቁም ትኩሳት ደጋፊ ይሆነዋል።

ነጋዴ ሆይ! ሱቅህና ስምህ እንደ ጉና ይታያሉ፤ አማናህ ግን የማይታየው ሥር ነው። «ማንም ካላየ ጥቂት ባጎድል ማን ይጎዳል?» ትል ይሆናል። ጤፏን ከስማዳ ተሸክማ የመጣች ባልቴት ሚዛን ማንበብ ባትችል፣ አለማወቋ ሐቋን አይቀንሰውም። አንተን አምና ሄዳለች፤ የጎደለባትም በልጆችህ ማዕድ ላይ ሐራም ሆኖ ይቀርባል።

ሱረቱል ሙጠፊፊን በሰፋሪ አጉዳዮች ስም መጠራቱ ጉዳዩ ቀላል አለመሆኑን ያስረዳሃል። የተራራውን ሥር በጥልቁ የሚያውቅ ጌታ ያንተን ሥር አይስተውም። እንግዲህ ዛሬ ሱቅህን ሳትዘጋ ሚዛንህን ፈትሽ፤ ያጎደልክበትም ሰው ካለ ሐቁን መልስ። አላህ ሁላችንንም ከታማኞች ያድርገን፤ አሚን።