እናትን መጦር ትምህርት ይፈልጋልን?

ባለፈው የዒድ አል-አድሐ ዕለት አያት ኮንዶሚኒየም በሚገኘው ቤታችን ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ ሳለ፣ የእህቴ ልጅ ያልጠበቅነውን ወሬ አመጣች። በሶሻል ወርክ የመጀመሪያ ዲግሪዋን ይዛለች፤ አሁን ማስተርሷን መሥራት የምትፈልገው በጂሮንቶሎጂ፣ ማለትም በእርጅናና በአረጋውያን ጉዳይ ጥናት ነው። ታላቅ ወንድሜ ሳቀ። «ሽማግሌ ለመጦር ዲግሪ? ይህ የፈረንጅ ጣጣ ነው። እነሱ ወላጆቻቸውን ተቋም ውስጥ ጥለው ይማሩታል። እኛን አላህ (ሱ.ወ) አዞናል፤ ሌላ ምን እንፈልጋለን?» አለ። ሁላችንም አንገታችንን በአዎንታ ነቀነቅን። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ እናታችንን የጦርናት እኔና እሱ ነና።

እናታችን ከመርካቶ ወደ አያት የመጣችው የኮንዶሚኒየም ዕጣ በደረሰን ጊዜ ነው። ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። አንድ ቀን መታጠቢያ ቤት አዳልጧት ወደቀች። ሐኪም ቤት ወሰድናት፤ አጥንቷ አልተሰበረም ተባልን። እኛም በፍቅር ተረባርበን አስተኛናት። ምግቧ አልጋዋ ድረስ ይመጣል፣ የውዱእ ውኃ ይቀርብላታል፣ ሶላቷን ተኝታ ትሰግዳለች። ልነሳ ስትል እንቆጣለን። ጎረቤቱ ሁሉ «እንዲህ ያለ ልጅ ይስጠን» እያለ ይመርቀን ነበር። በሦስተኛው ወር እግሮቿ አልሸከም አሏት። ከወገቧ በታችም ገላዋ ቆስሎ አገኘነው።

ስህተታችንን የነገረችን ሐኪም አይደለችም። ቤይሩት ውስጥ አንዲት አሮጊት ስታስታምም ኖራ የተመለሰች የጎረቤት ልጅ ናት። ልትጠይቃት መጥታ፣ «እማማን ለምን አስተኛችኋቸው?» አለችን በድንጋጤ። አልጋ ላይ የዋለ አረጋዊ ጡንቻው በጥቂት ቀናት ውስጥ መክሳት እንደሚጀምር፣ መነሳት ያልቻለም በየሁለት ሰዓቱ ካልተገላበጠ እንደሚቆስል ያወቅነው ያን ዕለት ነው። እሷው እያሳየችን እናታችንን ወንበር ላይ ማስቀመጥ፣ ደግፎ ማቆም ተማርን። ከአልጋዋ እስከ መስኮቱ መራመድ ቻለች። ደረጃውን ግን ዳግመኛ በእግሯ አልወረደችም፤ የወረደችው ለቀብሯ ነው። አላህ ይዘንላት።

ውድ አንባቢያን፣ በድለናታል ወይስ አልበደልናትም? ኒያችን ንጹሕ ነበር። ይሁንና ቁርኣን በሱረቱል ኢስራእ 23ኛው አንቀጽ ለወላጆች ያዘዘው ኢሕሳንን ነው። በእርጅና ላይ ሲደርሱም የመሰላቸት ቃል እንኳ እንዳይሰሙ ከልክሏል። ኢሕሳን ደግሞ ሥራን ማሳመር ነው። ሳያውቁ ማሳመር ይቻላልን? እኛ ለእናታችን «ኡፍ» አላልናትም፤ እግሯን ግን በፍቅር ወሰድንባት።

ታላቅ ወንድሜ «ጥለው ይማሩታል» ያለውም ከታሪኩ ጋር አይገጥምም። ጂሮንቶሎጂ የሚለውን ስም እ.ኤ.አ በ1903 ያወጣው ሳይንቲስቱ ኢሊያ ሜችኒኮፍ ነው። ሙያው ምን ሊሠራ እንደሚችል ያሳየችው ግን ለንደን ውስጥ ዶክተር ማርጆሪ ዋረን ናት። እ.ኤ.አ በ1935 የዌስት ሚድልሴክስ ሆስፒታል በአቅራቢያው የነበረውን የድሆች ሕሙማን ማደሪያ ሲረከብ፣ አይድኑም ተብለው ለዓመታት የተኙትን አረጋውያን አንድ በአንድ መረመረቻቸው። ብዙዎቹን አልጋ ላይ ያስቀራቸው በሽታቸው ብቻ ሳይሆን መተኛቱ ራሱ ነበር። አስነሳቻቸው፣ አለማመደቻቸው፤ ቁጥራቸው ቀላል ያልሆነውም ወደየቤታቸው ተመለሱ። ዕውቀቱ ሽማግሌውን ከተቋም ወደ ቤት መለሰው ማለት ነው። ዛሬ በካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ በ1975 የተከፈተው የጂሮንቶሎጂ ትምህርት ቤት አለ። ማልታ ውስጥም የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡ ባለሙያዎች ያቋቋመው የሥልጠና ተቋም አለ።

ኢማም ገዛሊ በኢሕያእ ኪታባቸው ሕክምናን ከፈርዱ ኪፋያ ይመድቡታል። ሰው ሁሉ ወደ ፊቅህ ሲጎርፍ ከተሞች ሙስሊም ሐኪም በማጣታቸውም ወቅሰዋል። ከዘጠኝ መቶ ዓመት በኋላ የእኛ ልጆች ሽማግሌ መያዝን የሚማሩት በሰው አገር፣ በሰው እናት ላይ፣ የቤት ሠራተኛ ሆነው ነው። ፈርዱ ኪፋያውን የተሸከመችልን ያቺ የቤይሩት ልጅ መሆኗ አያሳፍርምን?

በዚሁ በአያት በኩል መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል አለ። እ.ኤ.አ በ2010 በቤተሰቡ ቤት የጀመረው አቶ ቢኒያም በለጠ በሕግ የተመረቀ ሰው ነው። መፈክራቸው ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው ይላል። ይህን የሚናገሩት ከመንገድ አንስተው ያጠቡ ሰዎች ስለሆኑ በአክብሮት እሰማዋለሁ። እጅን ለመዘርጋት በእርግጥ በቂ ነው። የእኛ ቤት ግን ሰው አልጎደለበትም ነበር።

የወንድሜ ስጋት ባዶ ነው አልልም። ባለሙያ ሲበዛ እኛ ደመወዝ ከፍለን እናታችንን በስልክ ብቻ ልንጠይቅ እንችላለን፤ የሚያደርጉትንም አውቃለሁ። ይህን የትኛውም ዲግሪ አይከለክልም። ከመሐይም ፍቅርና ፍቅር ከሌለው ዕውቀት የትኛው ይሻላል ብባል መምረጥ ይቸግረኛል። የእህቴ ልጅ ግን ሁለቱንም ይዛ ነው የመጣችው፤ የሳቅነውም በእሷ ላይ ነው።

ባለፈው ጁምዓ ከመስጊድ ስንመለስ ታላቅ ወንድሜ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ቆመ። የደረጃውን ብረት ይዞ ጉልበቱን እያሸ፣ ልጅቷ ማመልከቻዋን አስገብታ እንደሆነ ጠየቀኝ።