እጅም ይዋሻል

ሰው የሚዋሸው በአንደበቱ ብቻ ነውን? በወጣቶች ኅብረት ስለ ውሸት ስንወያይ አብዛኛውን ጊዜ የምናነሣው የተነገረ ቃልን ነው። ዛሬ ግን ጥያቄውን ወደ ላቫጆ ልውሰደው፤ ከመካከላችሁ አንዳንዶቻችሁ የምትሠሩበት፣ ሌሎቻችሁም በየቀኑ የምታልፉበት ስፍራ ነውና።

መኪና ከታጠበ በኋላ ቀለሙ ላይ በእጅ የሚቀባ ሲላንት የሚባል መከላከያ አለ። የአብዛኛው መኪና ቀለም ከላዩ ቀለም አልባ ሽፋን አለው፤ ይህም ሽፋን ብዙውን ጊዜ ከሰው ፀጉር የቀጠነ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይዋ ብርቱ ናት። አቧራውና የወፍ ኩሱም አለ። ሲላንቱ በደንብ ከተቀባ ያንን ስስ ሽፋን ለወራት ይጠብቀዋል።

ሥራው የሚጀምረው ግን ከመቀባቱ በፊት ነው። መኪናው ከታጠበ በኋላ እጅን በስስ ፌስታል ሸፍኖ ቀለሙን መዳሰስ ያስፈልጋል፤ ዐይን ያላየውን ሻካራ ነገር ጣት ያገኘዋል። ያ ሻካራ ነገር ክሌይ በሚባል ሊጥ መሰል ማጽጃና በሚያንሸራትት ፈሳሽ ይለቀማል። የቀድሞው ሰምና ቅባትም መነሣት አለበት፤ አለዚያ ሲላንቱ ቀለሙን በደንብ አይዝም። ከዚያ በጥላ ሥር፣ መኪናው ሲቀዘቅዝ፣ በስፖንጅ ስስ ተደርጎ ይቀባል። አብዝቶ መቀባት አይጠቅምም፤ ትርፉ ተጠርጎ ይወጣልና። ጊዜው ሲደርስ በንጹሕ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ይወለወላል። ጨርቁ መሬት ከወደቀ ይቀየራል፤ የያዘው አሸዋ ቀለሙን ይጭራልና።

አሁን ሁለት ሠራተኞችን አስቡ። አንዱ ይህን ሁሉ አደረገ። ሌላው አጥቦ፣ አድርቆ ቀባ፤ የወደቀውንም ጨርቅ አራግፎ ቀጠለ። ማታ ሁለቱም መኪኖች ያብረቀርቃሉ፤ ባለመኪናዎቹም እኩል ከፍለው፣ እኩል አመስግነው ሄዱ። ልዩነቱ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜም በዝናቡ ወይም በሲላንቱ ይሳበባል። ሁለተኛው ሠራተኛ አንድም የሐሰት ቃል አልወጣውም። ታዲያ ዋሽቷልን?

አዎ፣ ዋሽቷል። ባለመኪናው የከፈለው ለማብረቅረቁ ብቻ ሳይሆን በማብረቅረቁ ሥር ላለው ሥራ ነው። ሠራተኛው ዝም ቢልም ያስረከበው መኪና «ሁሉን አድርጌያለሁ» ብሎ ተናግሮለታል።

«ክፍያው ትንሽ ነው፤ ወረፋው ረጅም ነው፤ አለቃው ያጣድፈናል» የሚል መልስ ይኖራል። ይህ የሚናቅ መልስ አይደለም። በቀን ገቢው ቤተሰቡን የሚረዳ ወጣት አንድ ሰዓት ምን ያህል እንደሚያስከፍለው ያውቃል። ሙሉውን ሥራ ሸጦ ለግማሹ ብቻ ጊዜ የሚሰጥ አለቃም ከሠራተኛው ይልቅ ይጠየቅበታል። ይሁን እንጂ አንድ መንገድ ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ ሥራውን በስሙ መጥራት። «በዚህ ዋጋ አጥበን እናደርቃለን፤ ሲላንት ከፈለጉ ጊዜም ዋጋም ይጨምራል» ማለት ይቻላል። ትንሽ ሠርቶ ትንሽ መጠየቅ ነውር የለበትም። ነውሩ ትንሹን በትልቁ ስም መሸጥ ነው።

የሚጎዳው ባለመኪናው ብቻ አይደለም። ሻካራውን እያወቀ ማለፍን የለመደ ሰው ውሎ አድሮ መዳሰሱንም ይተወዋል። ከዚያ በኋላ ማታለል መሆኑ ይጠፋውና የሥራው ወግ ይመስለዋል። አዲስ የሚቀጠረውንም ልጅ እንዲሁ ያስተምረዋል።

መኪና የማታጥቡ ወጣቶች ሆይ፣ ጉዳዩ እናንተንም ይመለከታል። ሒሳብ የሚመዘግብ፣ ግድግዳ የሚለስን፣ ተማሪ የሚያስጠና ሁሉ ማንም የማያይለት ደረጃ አለው። ሥራችሁን ስታስረክቡ ራሳችሁን ይህን ጠይቁ፦ ባለቤቱ ከመጀመሪያው አጠገቤ ቆሞ ቢያይ ኖሮ ይህንኑ ዋጋ በደስታ ይከፍለኝ ነበርን?