ዋስነት

ባለፈው መስከረም ቦንጋ፣ እናቴ ቤት ነበርኩ። ዝናቡ ገና አልለቀቀም። ቶናው እየተቀዳ ሳለ የእህቴ ልጅ ወረቀት ይዞ ገባና «ጋሼ፣ ዋስ ትሆነኛለህ?» አለኝ። አብራሪነት ሊሠለጥን ነው። ሠልጥኖ የውሉን ዘመን ሳያገለግል ቢሄድ፣ ገንዘቡን የምጠየቀው እኔ ነኝ ማለት ነው። እንደ ቀልድ «ካፒቴን ስትሆን ወዴት ልትበር ነው?» ብለው፣ ሳያቅማማ «ዱባይ፣ ካልሆነም አሜሪካ። እዚያ የሚከፈለው ሌላ ነው» አለኝ።

እውነቱን ነው፤ ሌላ ነው። ሌላነቱ ግን እሱ እንደሚያስበው አይደለም። በአሜሪካ ትልልቅ አየር መንገዶች የአብራሪ ደመወዝ በአብዛኛው የሚሰላው በአገልግሎት ዘመን ነው። ሃያ ዓመት ያበረረ ካፒቴን ኩባንያ ቢለውጥ ከሰልፉ ጭራ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ2009 ቡፋሎ አጠገብ ተከስክሶ 50 ሰው የፈጀው አውሮፕላን ረዳት አብራሪ፣ በምርመራው እንደተሰማው፣ የዓመት ደመወዟ 16 ሺሕ ዶላር ገደማ ነበር። ከሲያትል ሌሊቱን በሌላ አውሮፕላን አገር አቋርጣ ነበር ወደ ሥራዋ የደረሰችው። በዚያው ዓመት 155 ሰው አሳፍሮ ኒውዮርክ ወንዝ ላይ በሰላም ያረፈው ካፒቴን ሰለንበርገር፣ ደመወዙ 40 በመቶ መቀነሱንና ጡረታውም መነካቱን ለምክር ቤት ተናገረ። ከዚያ ለረዳት አብራሪ 1,500 ሰዓት የሚጠይቅ ደንብ ወጣ፣ አብራሪ ጠፋ፤ በ2023 የዴልታ አብራሪዎች በአራት ዓመት ውስጥ 34 በመቶ የሚጨምር ውል ፈረሙ። የሚሸከሙት ነፍስ አልጨመረም። የጨመረው እጥረቱ ነው።

አውሮፓ ደግሞ ብዙው ተማሪ የሚከፍለው ከኪሱ ነው፤ 100 ሺሕ ዩሮ ቢደርስ አይገርምም። ወላጅ ቤቱን አስይዞ የሚያስተምረው ልጅ አለ። ይህ ልጅ ነገ የትም ቢሄድ ከባንኩ በቀር «ውለታዬን በላ» የሚለው የለም።

የእኛስ? አየር መንገዳችን በ1938 ዓ.ም. በአሜሪካው ቲ.ደብልዩ.ኤ. እጅ ሲቋቋም ካፒቴኖቹ ባዕዳን ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የአዛዡን ወንበር እስኪይዝ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጀ። ልጁን የሚያሠለጥነው የመንግሥት ድርጅት ነው፤ አገሪቱ ደግሞ ለአሥርተ ዓመታት ዋናው የውጭ ምንዛሪዋ ቡና ነበር። ቡናውን የሚለቅመው የካፋ ሰው አውሮፕላን ልሳፈር ቢል ረጅም መንገድ መሄድ አለበት።

ይህንን ስናገር እህቴ ተቆጣች። «ቡና ለቅሜ ያስተማርኩት ልጅ ነው። ዕዳ ካለበት የእኔ ነው፤ እኔ ደግሞ ምሬዋለሁ» አለች። እናቴ ከምድጃው ጥግ «የጎረቤትሽንስ ማን ይማርለት?» አለቻት።

እኔ፣ እውነቴን ለመናገር፣ ከእህቴ ጋር ነኝ። ውሉ ያለቀ ዕለት የገንዘቡ ዕዳ አልቋል። አንድን ልጅ ብቻ አስቁሞ የአገር ዕዳ ማስከፈል ግፍ ነው፤ ሐኪሙም መሐንዲሱም እየሄደ እሱን ብቻ ማን ይይዘዋል? የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አብራሪነት ከመጽሐፍ ብቻ አይገኝም። በግራው ወንበር የተቀመጠው ሰው በቀኙ ላለው ዓመታት ሙሉ ያሳየዋል፦ ደመናውን እንዴት እንደሚያነብ፣ መቼ ሳያርፍ እንደሚመለስ። ይህንን በብር የሚተምን ውል አላየሁም። ያንን የተቀበለ ሰው ቢያንስ ለአንድ ሌላ ልጅ ሳያሳይ ቢሄድ ቅር ይለኛል። በዱባይ በቀኙ ወንበር የሚያገኘውም የሰው ልጅ አይደለምን? ቢባል መልስ የለኝም። ቅሬታዬ ግን አልለቀቀኝም።

ፈረምኩለት። ልጁ ወረቀቱን ዝናብ እንዳይነካው በላስቲክ እየጠቀለለ «አትስጋ ጋሼ፣ ዘመኔን እጨርሳለሁ» አለኝ።

እናቴ በረካውን እየቀዳች ነበር። ቀና ሳትል «ከዚያስ?» አለችው።