የወጋ እንዲያስታውስ

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይባላል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩ በኋላ፣ ጥቁር ሸሚዝ ለባሹ ፋሽስት የአዲስ አበባን ሕዝብ ለሦስት ቀናት ፈጀ። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 30,000 ብሎ መዝግቧል። የስድስት ኪሎ ሐውልትና በየዓመቱ የሚታሰበው የሰማዕታት ቀን የተወጋው አለመርሳቱን ይመሰክራሉ።

የወጋውስ? በጥቅምት 1999 ዓ.ም. በኢጣልያ ቅኝ አገዛዝ ለተጨፈጨፉ አፍሪቃውያን የመታሰቢያ ቀን ይሰየም የሚል ረቂቅ ሕግ ለኢጣልያ ምክር ቤት ቀርቦ ሳይጸድቅ ቀረ። በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ግን በአፊሌ ከተማ ለግራዚያኒ መታሰቢያ ተመረቀ።

እንግዲህ ያልገደለ ትውልድ ስለ አባቶቹ ግፍ ተጠያቂ ነውን? በደም አይጠየቅም፤ ወንጀል በዘር አይወረስምና። ይሁን እንጂ የአባቶቹን ሀብትና ክብር የተረከበ መንግሥት የግፋቸውንም መዝገብ አብሮ ይረከባል። ርስቱን ተቀብሎ ዕዳውን የሚክድ ወራሽ በየትኛው ሸንጎ ይረታል?

የመታሰቢያ ቀን በተበዳዩ አገር ሐዘን ነው፤ በበዳዩ አገር ግን የእምነት ቃል ነው። ተረቱ የወጋውን መርሳት እንደ ተፈጥሮ ይቀበለዋል። ሕግ የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው፤ የተወጋው ያለ አዋጅም ያስታውሳል፤ አዋጁ የሚያሻው ለወጋው ነው።