ወጣቱን ወደ ጤና መድን መጥራት፦ ማግባባት ወይስ ማታለል?

የጤና መድን የሚቆመው ጤነኛው በሚከፍለው ገንዘብ ነው። የሚመዘገቡት ሕመምተኞች ብቻ ከሆኑ አረቦኑ ይንራል፤ አረቦኑ ሲንር ጤነኞቹ ይወጣሉ፤ የቀሩት ላይ ሸክሙ ይከብዳል። እምብዛም የማይታመመው ወጣት አጥብቆ የሚፈለገው ለዚህ ነው። ይህን ወጣት በማስታወቂያ ማግባባት ተገቢነቱ እስከ ምን ድረስ ነው?

ጥያቄው ጎልቶ የታየው በአሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የጸደቀው፣ በተለምዶ «ኦባማኬር» የሚባለው ሕግ መድን ሰጪዎች የታመመን ሰው እንዳይመልሱ ከለከለ፤ በግል በሚገዛ መድን ላይም የአዛውንቱ አረቦን ከወጣቱ ሦስት እጥፍ እንዳይበልጥ ወሰነ። የዕድሜ ባለጸጋውና የወጣቱ የሕክምና ወጪ ልዩነት ግን ከዚህ ስለሚሰፋ፣ ድጎማ የማያገኝ ጤነኛ ወጣት ለሌላው ጭምር ይከፍላል። ምዝገባው በ2013 ሲከፈት በኮሎራዶ ግዛት ቢራ ጠጪ ወጣቶችን የሚያሳዩ ማስታወቂያዎች ወጡ። በ2014 ደግሞ ፕሬዚዳንት ኦባማ ከኮሜዲያን ዛክ ጋሊፊያናኪስ ጋር ባደረጉት የቀልድ ቃለ መጠይቅ ምዝገባውን አስተዋወቁ። በመጀመሪያው ዙር መድን ከመረጡት መካከል ከ18 እስከ 34 ዓመት የሆኑት 28 በመቶ ነበሩ።

ከማግባባት ሌላ መንገድም አለ። አንዱ ማስገደድ ነው፤ ሕጉ መድን በሌለው ላይ የጣለው የፌዴራል ቅጣት ግን ከ2019 ጀምሮ ወደ ዜሮ ወርዷል። ሌላው በኢትዮጵያ ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን እንደሚሠራበት፣ ቤተሰብን በአንድነት መመዝገብ ነው፤ ያኔ ወጣቱና አረጋዊው አብረው ይገባሉ።

ፈላስፋው አማኑኤል ካንት ሰውን እንደ መሣሪያ ብቻ መጠቀም ነውር ነው ይላል። በዚህ መለኪያ ቀልዱ ራሱ ጥፋት የለበትም፤ ትኩረት ይስባል እንጂ አያታልልም። ጥፋት የሚሆነው የአደጋን ዕድል አጋንኖ ማስፈራራት፣ ወይም «ለራስህ ጥቅም ብቻ ነው» ብሎ ወጣቱ ሌሎችን መደገፉን መሸሸግ ነው።

ወጣቱ ሌሎችን መደገፉ ራሱ ፍትሐዊ ነው ወይ? በፈላስፋው ጆን ሮልስ አስተሳሰብ፣ የራሱን ዕድሜና ጤና ሳያውቅ ደንብ የሚያወጣ ሰው ሸክሙን መጋራትን ሊመርጥ ይችላል። ዕድሜ ደግሞ ከሌሎች ልዩነቶች ይለያል፤ የዛሬው ከፋይ በሕይወት ከቆየ ነገ ተረጂ ይሆናል። ይህ መልስ ግን ሥርዓቱ እስከዚያ እንደሚዘልቅ ታሳቢ ያደርጋል። ከዚህም በላይ፣ ደመወዙ አነስተኛ የሆነ ወጣት ሀብታም አዛውንትን ሲደግፍ የዕድሜው ክርክር ብቻውን አይበቃም፤ በገቢ ልክ የሚሰጥ ድጎማ ያስፈልጋል።

እንግዲህ መለያው ማስታወቂያው ማሳቁ ወይም ማስፈራቱ አይደለም። የተፈለገበት ምክንያት በሙሉ ለወጣቱ ቢነገረው ጥሪው አሁንም የሚቆም ከሆነ ማግባባት ነው፤ የሚፈርስ ከሆነ ግን ማታለል ነው።