ኦሪት የፈቀደችውን ማን ከለከለው?

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ምእመን ስለሚበላውና ስለማይበላው ሲጠየቅ የሚጠቅሰው ኦሪትን ነው። አሳማ ሰኮናው ቢሰነጠቅም አያመሰኳም፤ ግመል ብታመሰኳም ሰኮናዋ አልተሰነጠቀም፤ ስለዚህ ሁለቱም ከማዕዱ ይርቃሉ። የዚህ ሁሉ ምንጭ ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ነው። ያው ምዕራፍ ዝቅ ብሎ በራሪ ነፍሳትን ከከለከለ በኋላ ግን አንድ ወገን ለይቶ ያወጣል፤ በምድር ላይ የሚዘልበት ጭን ያለውን። አንበጣ፣ ፌንጣና ኩብኩባ በየወገናቸው በስማቸው ተጠርተው ለመብል ተፈቅደዋል። በደጋው አገር ይህን ክፍል ያነበበ ሰው ሞልቷል፤ አንበጣ ቆልቶ ለቤተሰቡ ያቀረበ ግን የለም ማለት ይቻላል። እንግዲህ ርኩስ የምንለው ሕጉ ርኩስ ያለውን ነው ወይስ እኛ የምንጸየፈውን? መጸየፍ ስሜት ነው፤ ሰው የጠላውን ምግብ ያለመብላት መብት አለው። ያንን ስሜት በእግዚአብሔር ሕግ ስም ማስከበር ግን ሌላ ነገር ነው፤ እኔም የምቃወመው ይህንን ነው።

የሕጉን አካሄድ ልብ ብለን እናስተውል። የሚጸየፍ ሰው ነፍሳቱን ሲያይ ፊቱን ያዞራል፤ ኦሪት ግን ጎንበስ ብሎ እግሩን እንዲመረምር ታዘዋለች። የኋላ እግሮቹ ከሌሎቹ የረዘሙ ናቸው? ጭኑ ወፍሮ፣ ጉልበቱ ከጀርባው በላይ ታጥፎ ለመፈናጠር የተዘጋጀ ነው? የአይሁድ ሊቃውንት ሚሽና በተባለው የሕግ መጽሐፋቸው ምልክቶቹን አራት አድርገው ዘረዘሩ፦ አራት እግር፣ አራት ክንፍ፣ መዝለያ እግርና አብዛኛውን ገላ የሚሸፍን ክንፍ። የየመን አይሁድ የሚበላውን ዓይነት ከአባቶቻቸው እየተማሩ ለይተው ሲያውቁት ኖረዋል፤ መንጋው ሲመጣ ይሰበስቡትና ይጠብሱት ነበር። በአውሮፓ የነበሩት አይሁድ ደግሞ ተዉት፤ ራቢዎቻቸው የሰጡት ምክንያት ግን የተፈቀደውን ካልተፈቀደው ለይተን አናውቅም የሚል ነው። ይህን መልስ አከብረዋለሁ። አለማወቅን አለማወቅ ብሎ ጠራው እንጂ የሌላውን ማዕድ አላረከሰም። በእስልምናም የነቢዩ ባልደረቦች ከእርሳቸው ጋር በዘመቻ ሳሉ አንበጣ ይበሉ እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል፤ ሳይታረዱ ከሚበሉት ሁለት ፍጥረታት አንዱ አንበጣ ነው፣ ሌላው ዓሣ።

አንበጣ የእግዚአብሔር ቁጣ ነው፣ ቁጣ እንዴት ይበላል የሚል ተቃውሞ ይነሳ ይሆናል። ለገበሬው ልጅ ይህ ባዶ ቃል አይደለም። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ 40 ሚሊዮን ያህል አንበጣ ሊይዝ ይችላል፤ በአንድ ቀን የሚያወድመውም 35 ሺህ ሰው የሚመገበውን ያህል ነው። ከ2019 እስከ 2021 እ.ኤ.አ. የደረሰ ማሽላና ጤፍ በሰዓታት ውስጥ ሲላጭ ያየ ሰው በጅራፍና በጣሳ ጩኸት ከማባረር በቀር የሚያደርገው አልነበረውም። በ1520ዎቹ አገራችን የነበረው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም ሕዝቡን አስከትሎ ምሕላ እንደወጣ፣ አንበጦችን አስይዞ በሦስት ሰዓት ውስጥ መሄድ እንዲጀምሩ በግዝት እንዳዘዛቸው ጽፏል። ነገር ግን የኦሪት ሕግ የተሰጠው ለማን ነበር? ስምንተኛው መቅሠፍት የግብፅን ምድር ሲያለብስ ላየው ለዚያው ትውልድ ነው። አንበጣን መቅሠፍት አድርጎ የላከው እርሱ ራሱ፣ ለእነዚያው ሰዎች ብሉት ብሎ ፈቀደ። ቁጣና መብል በአንድ ፍጥረት ሊገናኙ እንደሚችሉ ያለ ማፈር አሳየ። ይልቁንም እህሉን ለተነጠቀ ሰው የነጠቀው ነገር ራሱ ምግብ መሆኑ ርኅራኄ ነው ብዬ አምናለሁ።

በወንጌል አንበጣ የተባለው የመጥምቁ ዮሐንስ ምግብም የበረሃ ቅጠል ወይም ፍሬ ነው የሚሉ ተርጓሚዎች አሉ። ትርጓሜው ስለ ብሕትውናው ጥብቅነት ከሆነ የምከራከርበት ምክንያት የለኝም። ቅዱስ ሰው ነፍሳት አይበላም ከሚል ሐሳብ የተነሣ ከሆነ ግን ነቢዩን ከሕግ መከላከል ይሆናል፤ ሕጉ ደግሞ አልከሰሰውም። ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ አባቶቻችን አልበሉም። ልማድ የማኅበር ትዝታ ነው፣ ቀላል አድርጌ አላየውም፤ ጳውሎስም የማይበላው የሚበላውን አይፍረድበት፣ የሚበላውም የማይበላውን አይናቀው ሲል ሁለቱንም ወገን አስሯል። ስለዚህ ማንም ሰው ለምን አንበጣ አልበላህም ተብሎ ሊነቀፍ አይገባም። የሚበላውን ጎረቤቱን ርኩስ በላ ካለ ግን በሕጉ ላይ ጨምሯል፣ ዘዳግም ደግሞ መጨመርንም መቀነስንም በአንድነት ይከለክላል። በአንጻሩ በኬሚካል የተረጨን አንበጣ መብላት ኦሪት ብትፈቅድም ክልክል ሊሆን ይገባል፤ መርዝ በእንስሳው ገላ ውስጥ ይቀራልና።

ጥያቄው የሩቅ ዘመን ጥያቄ አይደለም። የተመድ የምግብና የግብርና ድርጅት በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ከ1,900 በላይ የነፍሳት ዓይነቶች በዓለም እንደሚበሉ ገልጿል። የአውሮፓ ሕብረት ደግሞ በ2021 እ.ኤ.አ. አጋማሽ የአንድ ጥንዚዛ እጭን፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ አንበጣን ለምግብነት ፈቀደ። ሁለቱም ደርቀውና ተፈጭተው በልዩ ልዩ ምግቦች ውስጥ ሊገቡ ይችላሉ፤ በማሸጊያው ላይ እንዲጻፍም ሕጉ ያስገድዳል። እዚያ የሚኖር ኦሪትን የሚያከብር ወገናችን ጽሑፉን ማንበብ አለበት። እጩ መዝለያ ጭን የለውም፤ ዘሌዋውያን አልፈቀደውም፣ ዱቄት መሆኑም አይለውጠውም። አንበጣው ግን ከልማድ በቀር የሚከለክለው የለም፤ ለንስሐ አባቱ ይዞት የሚሄደው ጥያቄም ስለ ርኩሰት ሳይሆን ስለ ጾም ይሆናል። በዓሣ እንኳ ያልተስማማንበት ነውና መምህራኑ ከወዲሁ ቢመክሩበት መልካም ነው፤ እኔ ነፍስ ያለው ፍጥረት ስለሆነ ከሥጋ ጋር ቢቆጠር ይሻላል ባይ ነኝ።