የዳሱ ሣር

ከአጋሮ ወጣ ብሎ፣ በአንድ ጅረት ግራና ቀኝ ሁለት የቡና ችግኝ መደቦች ነበሩ። አንደኛው የአንዲት ባሏ የሞተባት ወጣት እናት፣ ሁለተኛው ደግሞ የአንድ ሽማግሌ ነበር።

ሴትየዋ ዘሩን በኅዳር አፈር ውስጥ ከቀበረች በኋላ ብዙ ሳምንት ጠበቀች። ፍሬው ከነቅርፊቱ በቀጭን ግንድ ላይ ብቅ ሲል፣ ቀጥሎም ሁለቱ ክብ ቅጠሎች ሲዘረጉ ብቻዋን እልል አለች። እያንዳንዷን ችግኝ በአፈር በተሞላ ላስቲክ ውስጥ ተከለች። ከላይ በእንጨት ዳስ ሠርታ ሣሩን ጥቅጥቅ አድርጋ ከደነችው። ጠዋትና ማታ ታጠጣለች። ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ያብረቀርቅ ስለነበር ጎረቤት እየመጣ ያደንቅላት ነበር።

ሚያዝያ ሲገባ ከጅረቱ ማዶ ሽማግሌው የዳሳቸውን ሣር እየመዘዙ መጣል ጀመሩ። መጀመሪያ ጥቂት ጭብጥ፣ ከሳምንት በኋላ ሌላ ጥቂት። በየቀኑ ያጠጡ የነበረውንም አንድ ቀን እየዘለሉ አደረጉት። ችግኞቻቸው ውበታቸው ቀነሰ፤ አንዳንዱ ቅጠል ወደ ቢጫነት አደላ። ሴትየዋ አላስቻላትም፤ ጅረቱን ተሻገረች።

«አባባ፣ ምን በደሉዎት? በዚህ ፀሐይ?»

«ምንም አልበደሉኝም ልጄ። ሰኔ ሲመጣ ዳሱን ይዘውት አይሄዱም።»

አርጅተዋል ብላ አዝና ተመለሰች። ቀትር በሆነ ቁጥር ሽማግሌው ከመደቡ አጠገብ ተቀምጠው እንደሚውሉ፣ ፀሐዩ ሲበረታም ለደካማው ረድፍ ሣር መልሰው ጣል እንደሚያደርጉለት ግን ልብ አላለችም።

ሰኔ ላይ ዝናብ ጣለ፤ ሁለቱም ተከሉ። በሐምሌ ግን ዝናቡ ለብዙ ቀን ተቋረጠ። በማሳው ያሉት ዋንዛና ብርብራ የሚሰጡት ጥላ የተቆራረጠ ነው፤ እንደ ዳስ አይሸፍንም። የሴትየዋ ችግኞች ጫፋቸው ጠቆረ፣ ተጠቀለሉ፣ ብዙዎቹ ደረቁ። የሽማግሌው ችግኞች ግን አሮጌ ቅጠላቸውን አራግፈው አዲስ እንቡጥ አወጡ።

እያለቀሰች መጣች። ሽማግሌው ተከትለዋት ሄዱና፣ ከአምና ጀምሮ ሳስታላቸው ሳትተክላቸው ካቆየቻቸው ችግኞች አንዱን አንስተው ላስቲኩን ቀደዱት። ዋናው ሥር ታች ደርሶ፣ መሄጃ አጥቶ፣ ዞሮ ዞሮ ተጠምዝዟል።

«ምግብም ውኃም አልጎደለበትም» አሉ። «ጊዜው ሲደርስ አልተለቀቀም።»

«እንግዲያው ለከርሞ ዳሱን በአንድ ቀን አነሳዋለሁ!»

«እንዳታደርጊው! በአንድ ቀን ከተነሳባቸው ይቃጠላሉ።»

«ታዲያ ስንት ስንት ጭብጥ ላንሳ?»

«ችግኙን እያየሽ። አንዱ ቶሎ ይለምዳል፣ አንዱ ይዘገያል። ስታነሺ ግን አጠገባቸው ቁጭ በይ።»

ይህን ምሳሌ ያነሳሁት ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል ልጄን ለክረምት ካምፕ ልላክ ወይስ ይቅር እያለ ለሚጨነቅ ወላጅ ነው። ካምፕ ለእኔ ሣሩ የሳሳ ዳስ ነው። ልጁ እናቱ በሌለችበት ይነሳል፤ መኝታውን ያነጥፋል፤ የጠፋ ካልሲውን ራሱ ይፈልጋል። ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን ጠቡ ነው። ቤት ውስጥ ከጓደኛው ጋር የተጣላ ልጅ በሩን ዘግቶ ይቀመጣል፤ አስታራቂዋም እናቱ ናት። ካምፕ ላይ ግን የተጣላው ልጅ ማታ እዚያው ድንኳን ውስጥ አጠገቡ ይተኛል። ስለዚህ ይቅርታ መጠየቅን ወይም ይቅር ማለትን ለራሱ ሲል ይማራል። ነገሩ ከከረረ ደግሞ አስተባባሪው ቅርብ ነው።

ካምፕን የጀመሩት ሰዎችም ይህ የገባቸው ይመስለኛል። ፍሬድሪክ ጋን የተባለ አሜሪካዊ መምህር እ.ኤ.አ. በ1861 የኮኔቲከት ተማሪዎቹን በእግር ወደ ባሕር ዳርቻ ወስዶ ድንኳን አስተክሎ አሰፈራቸው። በአሜሪካ የልጆች ካምፕ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከእርሱ ነው። የስካውት መሥራች የሆነው ቤደን ፓወል ደግሞ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1907 በእንግሊዝ ብራውንሲ ደሴት ላይ 20 ያህል ወንዶች ልጆችን ሰበሰበ። ከፊሎቹ ከባለጸጋ ቤተሰቦች፣ ከፊሎቹ ከሠራተኛ ቤተሰቦች የመጡ ነበሩ። ደባልቆ በአራት ቡድን ከፈላቸውና በየቡድኑ ላይ ከራሳቸው መካከል አንድ አንድ ልጅ አለቃ አደረገ። ይህን እጅግ አከብረዋለሁ፤ ለልጅ ኃላፊነት የሰጠ አዋቂ ከዚያው ሳይርቅ አብሮ ሰንብቷልና።

ስለዚህ ወላጅ ከመዋኛውና ከኳስ ሜዳው በፊት ስለ ሰዎቹ ይጠይቅ። ሌሊት ልጆቹ ዘንድ የሚያድረው ማነው? አንድ አስተባባሪ ስንት ልጅ ይዟል? ልጁ ቢታመም ወይም ቢያለቅስ ማን ያነጋግረዋል? ይህ ያልተመለሰበት ካምፕ በአንድ ቀን የተገፈፈ ዳስ ነውና ልጄን አልሰጠውም።

ናፍቆት መምጣቱ አይቀርም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2007 ስለዚሁ ናፍቆት ባወጣው ጽሑፍ ሲመክር፣ ልጁ በመሄድ አለመሄዱ ውሳኔ ላይ ሐሳቡ ይጠየቅ፣ አስቀድሞም ከቤት ውጭ ማደርን ይለማመድ ይላል። «ካልተመቸህ መጥቼ እወስድሃለሁ» የሚል ቃል ግን ወላጅ አይግባ ይላል። ይህን ቃል የምንገባው ከፍቅር ነው፤ ልጁ የሚሰማው ግን እናቱም አባቱም እንደማይችል መገመታቸውን ነው። ያን ሰምቶ የሄደ ልጅ የመጀመሪያዋ ከባድ ሌሊት ስትመጣ ችግሩን መጋፈጡን ትቶ ስልክ መጠበቅ ይጀምራል።

ለካምፕ የሚከፈል ገንዘብ የሌለው ቤተሰብም መንገድ አለው። የከተማ ልጅን ክረምቱን አያቶቹ ዘንድ ገጠር መላክ የቆየ ልማዳችን ነው። እዚያ ጥጃ ይጠብቃል፣ ውኃ ይቀዳል፣ ለቡሄ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ጅራፍ ያጮኻል። አያት ግን የልጅ ልጅ ሲያዩ ሆዳቸው ይራራልና፣ የሚሠራውን ሥራ እንዳይከለክሉት አስቀድሞ መማከር ይበጃል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ልጁ የተመለሰ ዕለት ነው። በልቶ ሲጨርስ ሳህኑን ይዞ ወደ ኩሽና ይነሳል፤ ታናሽ እህቱን ጫማ ማሰር ላሳይሽ ይላታል። እኛ ደግሞ ናፍቆታችን ገና አልወጣልንምና «ተወው የኔ ጌታ፣ እኔ አጥበዋለሁ» እንላለን። እባካችሁ ይጠበው። ጥግ ላይ ቅባት ቢቀርም በልጁ ፊት ደግማችሁ አትጠቡት።